ስንቄ ያዞረችው በር

ደባርቅ ውስጥ ስንቄን የማያውቅ ሰው ካለ ቤት ሠርቶ የማያውቅ ሰው ነው። ሱቅ የሚሠራው፣ አጥሩን አፍርሶ የኪራይ ክፍል የሚደረድረው፣ ለቱሪስት ማረፊያ እከፍታለሁ ብሎ የሚነሳው ሁሉ ፕላኑን የሚያሠራው እሷ ዘንድ ነው። ጎንደር ኮሌጅ ገብታ የሕንፃ ንድፍ ተምራ መጣች፤ ከመናኸሪያው ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ኮምፒውተሯን አስቀምጣ ትሠራለች። ቀጠን ያለች፣ ፈጠን ፈጠን ብላ የምትራመድ፣ ሜትር ከኪሷ የማይጠፋ ሴት ናት። ሰው ቤት ስትገባ ዓይኗ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ጣሪያው ነው። አንድ ጊዜ ለቅሶ ቤት አብረን ሄደን፣ ከሐዘንተኞቹ መሀል ተቀምጣ የበሩን ስፋት በዓይኗ ስትለካ ይዣት በክርኔ ጎሸም አድርጌያታለሁ።

እኔ በለጠች እባላለሁ። የአንድ መዋዕለ ሕፃናት ኃላፊ ነኝ። ልጆቹ “ቲቸር” ይሉኛል፣ ስንቄ “እትዬ” ትለኛለች፤ የሕንፃ ኮሚቴያችን ሰብሳቢ ዘመነ በሌለሁበት ምን እንደሚለኝም አላጣሁትም። ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር አዳራሻችን ይጎበኛል፣ ይመሰገናል፣ ፎቶ ይነሳል፤ በሩን ማን እንዳዞረው ግን የሚያነሳ የለም።

ነገሩ የሚጀምረው ከአባቷ ነው። አያ ደምለው ከአምባ ጊዮርጊስ ወጣ ብሎ ባለ መንደር ዕድሜ ልካቸውን ያረሱ፣ በጨዋታቸው አገር የሚያውቃቸው ሰው ናቸው። ባለቤታቸው ሲያርፉ ስንቄ “ብቻህን አትቀመጥም” ብላ ደባርቅ አመጣቻቸው። የተከራየችው ቤት ያለበት ግቢ በቆርቆሮ የታጠረ ነው። ጎረቤቱም በቆርቆሮ ታጥሯል፤ መንገድ ላይ ቢወጡም ግራና ቀኙ ቆርቆሮ ነው። አያ ደምለው አገራቸው ሳሉ ከደጃፋቸው ሳይነሱ ማን ገበያ እንደወረደ፣ የማን ላም እንደወለደች ያውቁ ነበር። እዚህ ግን ጠዋት ጋቢያቸውን ተከናንበው ፀሐይ ይሞቃሉ፤ ፀሐይዋ ስትዞር በርጩማቸውን ይዘው ይዞራሉ፤ ሲበርድ ይገባሉ። ስንቄ ከሥራ ስትመለስ “እንዴት ዋልክ አባዬ?” ስትላቸው “ዋልኩ” ይሏታል። ከዚያ በላይ ቃል አይወጣቸውም።

አንድ ቀን ስትገባ ጓዛቸው በገመድ ታስሮ ከበሩ ኋላ ተቀምጦ አገኘች። አጎዛቸው፣ ቡልኳቸው፣ የእናቷ የነበረች አንዲት ሞሰብ።

“የት ልትሄድ ነው?” አለቻቸው።

“ፋሲካን አገሬ እውላለሁ። ከዚያም አልመለስም። አትቀየሚኝ ልጄ። አንቺን ጠልቼ አይደለም። ይሄ ግን አገር አይደለም፣ ቆርቆሮ ነው።”

በማግስቱ እኔ ቢሮ መጥታ አለቀሰች። የመንደሩ ቤት ጣሪያው ያፈሳል፣ ዓይናቸው ደክሟል፣ አምና ወንዝ ወርደው ወድቀው የደረሰላቸው መንገደኛ ነው። “ብቻውን ከሄደ አንድ ክረምት አይዘልቅም እትዬ” አለችኝ። “እንዳላስቀረው ደግሞ ምን ብዬ? እውነቱን ነው።” አፌ ሥራ የሚፈታው አልፎ አልፎ ነው፤ ያን ቀን ፈታ።

በዚያ ሰሞን ከመዋዕለ ሕፃናታችን ጎን ባለው ባዶ ቦታ ተጨማሪ ክፍሎች ሊሠሩ ነበር። የሰፈሩ ዕድር ድንጋይና ጉልበት አዋጣ፣ አንድ በጎ አድራጊ ድርጅት ሌላውን ቻለ፣ ፕላኑ ለስንቄ ተሰጠ። የልጆቹን ክፍሎች ሣለች። ከነሱ ጎን ለጎን ደግሞ ማንም ያላዘዛትን ረጅም አዳራሽ ሣለችና “ይሄ አረጋውያን የሚውሉበት ነው” ብላ ኮሚቴው ፊት ዘረጋችው። ዘመነ መነጽሩን አወለቀ። እኔም ቀደም ብዬ “ሽማግሌና ሕፃን አንድ ግቢ? ጉንፋን ሊለዋወጡ ነው?” አልኩ።

“ልጆቹ ቀኑን ሙሉ አጥር ውስጥ ናቸው” አለች ስንቄ። “አባቴም ቀኑን ሙሉ አጥር ውስጥ ነው። ከሁለቱ አጥር አንዱን ላፍርሰው።”

ያን ጓዝ አስታወስኩና “እኔ ተስማምቻለሁ” አልኩ። ዘመነ ገርሞት አየኝ፤ እኔ ስስማማ አይቶ አያውቅማ።

ስትሠራ ማየት ደስ ይላል። ከሲሜን ገደል በኩል የሚመጣውን ንፋስ በትከሻው እንዲመክት የአዳራሹን ጀርባ ያለ መስኮት ዘጋችው፤ ፊቱን ለጠዋት ፀሐይ ሰጠችው። ደፉን አስነሳችና መግቢያውን ለምርኩዝ የሚመች ተዳፋት አደረገችው። በግድግዳው ዙሪያ የእጅ መያዣ እንጨት ዘረጋች፤ አንዱ ለአዋቂ፣ ከሥሩ ሌላው ለሕፃን። መስኮቶቹን ዝቅ አድርጋ ስትሠራ ግንበኛው ገዱ “ለዶሮ ነው እንዴ?” ብሎ ሲስቅባት ልጆቹን ጠርታ አንዱን ከመስኮቱ ሥር አቆመች፣ ገዱን በርጩማ ላይ አስቀመጠችው። ቆሞ የሚያየው ሕፃንና ተቀምጦ የሚያየው ሰው ዓይናቸው እኩል ሆነ። ገዱ ከዚያ በኋላ ስለ መስኮት አላነሳም።

ከሁሉ የምትኮራው ግን በበሩ ነበር። አዳራሹ ውስጥ እንደ አገር ቤት ግድግዳውን ተከትሎ የሚዞር መደብ ሠራች፣ እንጨት አለበሰችው፣ አጎዛ አነጠፈችበት። በሩን ደግሞ ከረጅሙ ግድግዳ እምብርት ላይ አደረገችው። የገባ ሰው ሁሉንም ሰው በአንድ ጊዜ ያያል፤ የተቀመጠውም ሁሉ የገባውን ያያል። “ለገባ ሰው ጀርባ የሚሰጥ አይኖርም” አለችኝ። እኔም በጣም አማረኝ። የጨዋ ልጅ የሠራችው ቤት መሆኑ ያስታውቃል አልኩ።

ጥምቀት እንዳለፈ ተከፈተ። ሰው ጎረፈ! ምርኩዝ ይዞ የመጣ፣ በልጁ ትከሻ ተደግፎ የመጣ፣ ከዳባት ለሕክምና መጥቶ ወሬ ሰምቶ የገባ። አያ ደምለው የመጀመሪያዎቹን ቀናት ዝም ብለው ተቀመጡ። ከዚያ አንድ ጠዋት አጠገባቸው የነበሩት እማማ ጤናዬ ስለ በሬ ሲያወሩ ተሳሳቱና አያ ደምለው ሊያርሟቸው አፋቸውን ከፈቱ። እስከ ምሳ አልዘጉትም። ስንቄ ማታ ቤቷ ስትገባ ስለዚያ በሬ ደግመው ነገሯት፤ ጓዙም ከበሩ ኋላ ተነስቶ ተፈትቶ ነበር። በማግስቱ ቢሮዬ እየሮጠች መጥታ አቀፈችኝ።

ዓቢይ ጾም ሲገባ ግን ሰው መቀነስ ጀመረ። መጀመሪያ አንድ ሁለት ሰው ቀረ። ከዚያ መደቡ በየቦታው ሳሳ። ከዚያ አንዳንድ ጠዋት እማማ ጤናዬና መሪጌታ ዋሴ ብቻ ተፋጠው ይውሉ ጀመር። አያ ደምለውም ቀሩ። ስንቄ “ምነው?” ስትላቸው “ብርዱ” አሉ። ጓዙ ተመልሶ ታሰረ።

ያኔ ሁሉም ሰው ምክንያት አዋቂ ሆነ። “ጾም ነው፣ ቤተ ክርስቲያን ነው የሚውሉት” አለ አንዱ፤ ስንቄ ሄዳ አየች፣ ከቅዳሴ በኋላ ሁሉም ወደየቤታቸው ይሄዳሉ። “ሰው ጧሪ የላቸውም እንዳይላቸው አፍረው ነው” አለ ሌላው። ዘመነ ደግሞ “የልጆቹ ጩኸት ነው” ብሎ ወደኔ ዞረ። ልጆቼን እኔ እንጂ ሌላ ሰው ጩኸታም ሲላቸው አልወድም፤ ተጣላን። ስንቄ ግን ሁሉንም ሰማች፣ ሁሉንም አደረገች። ለብርዱ በሩ ላይ ወፍራም መጋረጃ ሰቀለች። “የአረጋውያን መዋያ” የሚለውን ጽሑፍ አስነሳች። ልቧ እያዘነ በአዳራሹና በልጆቹ ግቢ መካከል የቆርቆሮ አጥር አቆመች። ያንኑ ቆርቆሮ! አጥሩ ሲቆም አብሬያት ነበርኩ፤ ፊቷን አዙራ ነው ያሠራችው። አንድም ሰው አልተመለሰም።

“እንግዲህ እስከ ፋሲካ እንይ” አለ ዘመነ በስብሰባው ላይ። “ሰው ካልገባበት ለሠርግና ለስብሰባ እናደርገዋለን። ባዶ ቤት ይዘን ምን እንሠራለን?” ሰውዬው ክፉ አይደለም፤ ሆኖም ያን ቀን በምርኩዝ ብመታው ደስ ባለኝ። ለስንቄ ፋሲካ ማለት አዳራሹ የሚዘጋበት፣ አባቷም የሚሄዱበት ቀን ነበር።

በዚህ መሀል ስንቄ የአንድ ሰው ሱቅ ሥራ ለማየት መወጣጫ እንጨት ላይ ወጥታ ቁርጭምጭሚቷ ወለም አለ። እግሯን በሻሽ ጠምጥማ እያነከሰች የበሩን ቁልፍ ሊጠግን የሚመጣውን ገዱን ልትጠብቅ አዳራሹ ገባች። የገበያ ቀን ነበር፤ በገበያ ቀን ከገጠር የመጣ ሰው ጎራ ስለሚል አዳራሹ እንደ ወትሮው ባዶ አልነበረም። እኔም እግሯን ልጠይቃት ከአጠገቧ ተቀመጥኩ።

በሩ ተከፈተና እማማ ጤናዬ ገቡ።

“ኖር!” አለ ቤቱ በሙሉ፣ ብድግ ብሎ። ስንቄም ተነሳች፤ በአንድ እግሯ።

“በእግዜር! ኧረ በሞቴ ተቀመጡ” አሉ እማማ ጤናዬ። ተቀመጥን።

አጎዛው ሳይሞቅ መሪጌታ ዋሴ ገቡ። ለመሪጌታ ደግሞ ቂጥን ከፍ አድርጎ መመለስ የለም፤ ቀጥ ብሎ ነው መቆም። “ኖር!” “በእግዜር፣ ይቀመጡ፣ ይቀመጡ!” ተቀመጥን። ከዳባት የመጡ ሁለት ሽማግሌዎች ገቡ፤ ተነሳን። አንደኛው ለሽንት ወጡ። ሲመለሱ እንደ አዲስ እንግዳ ተነሳን። ስንቄን ዞር ብዬ ሳያት እንባዋ በጉንጯ ይወርዳል።

“እግርሽ ነው?”

“እግሬ ነው” አለች። ቀጥላም በቀስታ “እትዬ፣ እነሱን ይዩዋቸው” አለችኝ።

አየሁ። እማማ ጤናዬ ወገባቸውን ይዘው፣ ከንፈራቸውን ነክሰው ሲቀመጡ። መሪጌታ መያዣውን እንጨት በሁለት እጃቸው ጨብጠው። ከዳባት የመጡት ሰውዬ ጉልበታቸውን እያሹ “እመቤቴ” ሲሉ፣ ያውም ሰው እንዳይሰማቸው። ስንት ጊዜ እዚያ ቤት ገብቼ ስንት ጊዜ ተነስተውልኛል! እኔም ስነሳ ስቀመጥ ከርሜ አንድም ቀን ልብ አላልኩትም። ለሰው መነሳት ከእናታችን ወተት ጋር የጠጣነው ነገር ነው፤ ማን ይቆጥረዋል? አገር ቤት አንድ ሰው ገብቶ ይውላል። እዚህ ግን በሩ መሀል ላይ ነው፣ መደቡ ሁሉ ፊቱን ወደሱ አዙሯል፣ ሰው ደግሞ ከጠዋት እስከ ማታ ይገባል ይወጣል።

ስንቄ እንባዋን ጠርጋ “እማማ፣ ሁላችሁም ጉልበታችሁን እያመማችሁ ለምን አትቀመጡም?” አለቻቸው።

እማማ ጤናዬ ነጠላቸውን ከፊታቸው ገለጥ አድርገው አይዋት። “ምን ትላለች ይቺ? ሰው ሲገባ ተቀምጬ ልቀበል? ሞቻለሁ እንዴ?”

ቤቱ ሳቀ። መሪጌታ ዋሴ ግን ነገሩን ይዘውት ጥቂት አሰቡና ምርኩዛቸውን መሬት ላይ መታ መታ አደረጉ። “ልጅቱ እውነት ብላለች። እኔም ጉልበቴ አልቋል፤ ማንም ደፍሮ አልተናገረም እንጂ ሁላችንም አልቀናል። እንግዲያውስ ሥርዓት እንሥራ። ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት ለማንም የሚነሳ የለም። ትስማማላችሁ?”

“ይሁን!” አለ ሁሉም።

“ይነሳል የሚል አለ?”

“የለም!”

በዚህ ቅጽበት በሩ ተከፈተና አንድ የወገራ ሽማግሌ ብቅ አሉ። መጀመሪያ ብድግ ያሉት መሪጌታ ናቸው። “ኖር!” ሲሉ ድምፃቸው ከሁሉም በላይ ተሰማ። ሌላው ሁሉ ተከትሎ ተነሳ። የገቡት ሰውዬ ቤቱ በሳቅ ሲፈርስ ግራ ገብቷቸው ደጃፉ ላይ ቆሙ። መሪጌታ “ጋቢዬን ላስተካክል ነው የተነሳሁት” ቢሉም የሰማቸው የለም። ስንቄም እያነከሰች ሳቀች፤ ከሳቀች ብዙ ጊዜ ሆኗት ነበር።

ማታውን አባቷን ጠየቀቻቸው። በማግስቱ እንዲህ ብላ ነገረችኝ።

“አባዬ፣ አዳራሹን የተውከው በመነሳቱ ነው?”

አያ ደምለው መጀመሪያ ተቆጡ። “ለሰው መነሳት መቼ ይከብደኛል? ምን ነካሽ?” አሉ። ቆይተው ግን “የከበደኝ የኔ መነሳት አይደለም” አሉ። “እኔ ስገባ ነው የከበደኝ። ያቺ ጤናዬ ወገቧን ይዛ ትነሳልኛለች። መሪጌታን ያህል ሰው ግድግዳ ተደግፎ ይነሳልኛል። እኔ ማን ነኝና? አንድ ቀን ደጃፉ ድረስ ሄድኩ። በዚያ ባሠራሽው መስኮት አየኋቸው፤ ሞቋቸው፣ ደስ ብሏቸው ይጫወታሉ። አሁን ብገባ ይሄን ሁሉ ሰው ላስነሳው ነው አልኩና ተመለስኩ።”

ስንቄ በየቤቱ ዞረች። ብርድ ያሉት፣ ጾም ያሉት፣ ሥራ በዛብኝ ያሉት ሁሉ ጫን ብላ ስትጠይቃቸው ያው ሆነ። አንዱ ለሌላው ጉልበት አዝኖ ሁሉም ቤቱ ተቀምጧል። ይህን ስትነግረኝ አለቀስኩ። እኔ ለማልቀስ አልቸኩልም፤ ግን እነዚያን ሰዎች በየቆርቆሯቸው ሥር፣ ሌላውን ላለማስቸገር ብለው ለብቻቸው ፀሐይ ሲሞቁ አሰብኳቸው።

“እንዳይነሱ ማድረግ አይቻልም” አለች ስንቄ ፕላኑን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግታ። “ማድረግም የለብኝም። ግን ሰው የሚነሳው በበሩ ሲገባ ላየው ሰው ነው። ይህን በር ፊት ለፊታቸው ያደረግሁት እኔ ነኝ እትዬ። ጨዋነት መስሎኝ።”

“እንግዲህ ደብቂው።”

“ብደብቀውስ? ሰው ሳይነሱለት ገብቶ ይቀመጣል? ማንም ‘ኖር’ ሳይለው? ያ ደግሞ ውርደት ነው፤ እንደ ሌባ በጓሮ መግባት ነው።”

ከመስኮቴ ውጪ ልጆቹ ግቢውን አተራመሱት። ጭቅጭቁ ሰልችቶኝ “እኔ ደግሞ ልጆቼን ‘ተቀመጡ፣ ተቀመጡ’ ስል ነው ጉሮሮዬ የሚደርቀው” አልኳት። “መነሳት ከሆነ ችግርሽ እነሱን ውሰጃቸው! ይነሱልሽ!”

ለቀልድ ነበር ያልኩት። ስንቄ ግን አልሳቀችም። እርሳሷን ከጠረጴዛው ላይ አነሳች፣ አዳራሹን ከልጆቹ በረንዳ ጋር የሚያዋስነውን ግድግዳ ፈለገችና እዚያ ላይ በር ሣለች።

ገዱ ሲሰማ ራሱን ያዘ። በገዛ እጁ የገነባውን ግድግዳ በገዛ እጁ አፍርስ ማለት ለግንበኛ ቀላል አይደለም። ዘመነም “ፊቱ በር የሌለው ሕንፃ የት አይተሽ ታውቂያለሽ?” ብሎ ጮኸ። ስንቄ አልጮኸችም። “ፋሲካ ገና ነው። እስከዚያ እንይ ብላችኋል” አለች። ያቆመችውን የቆርቆሮ አጥር ራሷ በሚያነክስ እግሯ ቆማ አስነቀለችው። የድሮው በር ተደፍኖ ሰፊ ዝቅተኛ መስኮት ሆነ። አዲሱ በር በልጆቹ በረንዳ በኩል ተከፈተ። መደቡንም በአጫጭር ግድግዳዎች ከፋፍላ ጥቂት ሰው ተጠጋግቶ የሚጫወትበት አደረገችው፤ የሚገባ ሰው ከጎን ስለሚመጣ አጠገባቸው እስኪደርስ የሚያየው የለም። ገዱ ሲያጉረመርም ቆይቶ የበሩን መቃን ግን ከመጀመሪያው አስበልጦ አሳምሮ ሠራው።

እኔ ደግሞ ልጆቹን አንድ ቃል አስተማርኳቸው። ትልቅ ሰው በረንዳችሁ ላይ ሲመጣ ምን ትላላችሁ? ከኤቢሲዲ ይልቅ ፈጥነው ያዙት። እንዲያውም ለድመቷም፣ ውኃ ለሚያመጣው ሰውዬም ይነሱ ጀመር።

ሆሣዕና ሁለት ሳምንት ሲቀረው ተከፈተ። ልጆቹ ፊት መጀመሪያ የደረሱት እማማ ጤናዬ ናቸው። በረንዳው ላይ እግራቸውን ሲያነሱ ልጆቹ ከአጫጭር አግዳሚያቸው ላይ ዘለው ተነሱ።

“ኖር!”

ጩኸታቸው ሲሜን ተራራ ድረስ ሳይሰማ አይቀርም። እማማ ጤናዬ ቆሙ። ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ቀና አሉ። “በእግዜር! እደጉልኝ፣ እደጉልኝ የኔ ጌቶች” አሉ። ሃና የምትባል ጥርሷ የወለቀ ልጅ ጥቂት ጠብቃ “አሁን እንቀመጥ?” አለቻቸው። “ተቀመጡ እናቴ” አሏት።

ወደ ውስጥ ሲገቡ ልጆቹ ሳይመጡ በማለዳ ገብተው የነበሩት መሪጌታ ድምፃቸውን ሰምተው ለመነሳት እንጨቱን ያዙ። እማማ ጤናዬ እጃቸውን አነሱ። “ይቀመጡ መሪጌታ! ልጆቹ ተነስተውልኛል።”

መሪጌታ በግማሽ ተነስተው ቀሩ። ነገሩን በልባቸው መዘኑት። “ልክ ነው” አሉ በመጨረሻ፣ እየተቀመጡ። “ክብሩ ከደጅ ተፈጽሟል።” የሊቁ ቃል ነውና ከዚያ በኋላ የተከራከረ የለም። በሳምንቱ መጨረሻ አዳራሹ ውስጥ ከሰላምታ በፊት የሚሰማው “ልጆቹ ተነስተውልኛል” ሆነ። መደቡ ሞላ። ዘመነ ራሱ አንድ ቀን በበረንዳው ሲያልፍ ተነሱለት፤ ሰውዬው ቀይ ሆኖ “በእግዜር” አለና ሁለተኛ ስለ ሠርግ አዳራሽ አላነሳም።

አያ ደምለው ግን አልመጡም። ጓዙ ከበሩ ኋላ ነው። ስንቄ አልለመነቻቸውም፤ “መጥቶ ካላየ በለመንኩት አይመጣም” አለችኝ። ሥራዋ ላይ አቀርቅራ ዋለች፣ ከሳች። እኔ በሩን ስጠብቅ ሰነበትኩ።

ከሆሣዕና በፊት ባለው ሐሙስ ጠዋት በረንዳው ላይ “ኖር!” ሲሉ ሰማሁና በመስኮት አየሁ። አያ ደምለው ናቸው። በልጆቹ መሀል ቆመዋል፤ መመለስም መግባትም አቅቷቸዋል። ሃና ቀርባ የጋቢያቸውን ጫፍ ይዛ “አባባ፣ በእግዜር ይበሉ እንጂ፣ ቆመን ቀረን” አለቻቸው። ሽማግሌው ሳቁ። በእግዜር ብለው፣ ሁሉንም በየተራ ራሳቸውን ዳብሰው ገቡ። ወዲያው ለስንቄ ደወልኩ። “ነይ” ብቻ ነው ያልኳት።

በባጃጅ መጣች። ልጆቹ ለሷም ተነሱ። “ኧረ እኔ ገና ልጅ ነኝ!” ብላ እየሳቀች፣ እያነከሰች በአዲሱ በር ገባች፤ እኔም ተከተልኳት። አያ ደምለው ከአጭሩ ግድግዳ ጀርባ ከእማማ ጤናዬ ጋር ተቀምጠው ያንን የበሬ ነገር እንደገና ይከራከራሉ። ድምፃቸው ያው የድሮው ነው። ስንቄ አጠገባቸው ስትደርስ አዩዋት። ወሬያቸውን አቆሙ። እጃቸውን ወደ መያዣው እንጨት ዘረጉና መነሳት ጀመሩ።

“አባዬ፣ ምን ሆነሃል? ተቀመጥ! ልጆቹ ተነስተውልኛል እኮ!” አለች ስንቄ ደንግጣ። አባት ለልጁ ሲነሳ አይታ አታውቅም፤ እኔም አላየሁም።

“እነሱ ይነሱ” አሉ አያ ደምለው። ጉልበታቸው እየተንቀጠቀጠ ቀጥ ብለው ቆሙ። “ለዚች አንድ ጊዜ እኔም ልነሳ። ኖር፣ ልጄ።”

ስንቄ መመለስ ነበረባት። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፣ ቃሉ ግን አልወጣም። አባቷ ቆመው ጠበቁ፤ ሳይመልሱላቸው አይቀመጡምና። እማማ ጤናዬ “በይ እንጂ ልጄ፣ ሰውዬው ጉልበት የለውም!” ሲሏት “በእግዜር” አለች፤ ቀስ ብላ፣ እያለቀሰች።

አያ ደምለው ተቀመጡ። ጋቢያቸውን አስተካከሉ፣ ፊታቸውን በጋቢው ጫፍ ጠረጉ።

“ፋሲካን አገሬ ነው የምውለው፣ ብያለሁ” አሉ። “ለዳግም ትንሣኤ ግን እመለሳለሁ። ይቺን ቦታዬን ሰው እንዳይዝብኝ ንገሪልኝ።”